በጾም ቀን የሚወጣው ቀለበት

ባለፈው ረመዳን ከባኮ ወደ አምቦ ስመለስ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጉደር ላይ ጎማው ፈነዳና ወረድን። አንዲት ወጣት ሴት መንገድ ዳር ጎንበስ ብላ አስመለሳት። አማቷ ጀርባዋን ደገፍ አድርገው "ጾሙ ነው" አሉ። ልጅቷ ግን ፊቷ አመድ መስሎ "ጾሙ ባይሆንስ?" አለች። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ በሰው ጉዳይ ጥልቅ ማለት ክፉ አመሌ ነው። ጠጋ ብዬ ምን እንዳስፈራት ጠየቅኋት።

ሹኩሪያ ትባላለች፤ አምቦ ጨርቅ የሚሸጠው የፈዲሉ ሚስት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ስትወልድ ደም ፈሷት ለጥቂት ተርፋለች። ሐኪሙም ዳግመኛ ብታረግዢ ለሕይወትሽ ያሰጋል ብሏታል። ስለዚህ ጂዳ ያለችው እህቷ የላከችላትን የእርግዝና መከላከያ ቀለበት፣ ሐኪሟ አይቶ ፈቅዶላት፣ ብልቷ ውስጥ ታስገባለች። አንዱ ሦስት ሳምንት ይቆያል።

"ታዲያ ምን ያስፈራሻል?" አልኳት።

"ጾም ከገባ ጀምሮ ቀን ቀን አወጣዋለሁ። ካፈጠርኩ በኋላ እመልሰዋለሁ።"

"ማን አዘዘሽ?"

"እኔ ነኝ" አሉ አማቷ እማማ አስያ፣ ምንም ሳያፍሩ። "መድኃኒት ገላ ውስጥ ይዞ መዋል ምን ጾም ይባላል? ቀን ቢያርፍስ ምን ይጎድላል? ማታ ትመልሰው የለ?"

ደሜ ፈላ። ግን የእናቴ እኩያ ናቸውና ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

"እማማ፣ ቀለበቱ ባል ሲመጣ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሆርሞን የሚባለውን ጥቂት በጥቂት ወደ ደሟ ይለቃል። እሱ በደሟ ውስጥ ልኩን ጠብቆ ሲቆይ እንቁላሏ ከቦታው አይወጣም። ቀለበቱ ሲወጣ ግን መጠኑ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። የእሷ ዓይነቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። እንቁላሉ አንዴ ከወጣ ማታ መመለሱ ምን ይረባል?"

"እንቁላሉ ታፍኖ ቀርቶ መካን ብትሆንስ?"

"አትሆንም። ብታቆም በሳምንታት ውስጥ እንደ ድሮው መውጣት ይጀምራል።"

"ጾሙስ?"

"እሱን ሼሁን ይጠይቁ። እኔ የማውቀው የእሷን ገላ ነው።"

እማማ አስያ እዚያው ለሼህ ያሕያ ደወሉ። ሼሁ ጎህ ሳይቀድ የገባ ባለበት ይቆይ፣ ጾሟን አያበላሽም አሏቸው። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ።

"የወለደች ቀን ደሟን ያጠብኩት እኔ ነኝ" አሉኝ። "አሁን ደግሞ በገዛ አፌ ልገድላት ነው።"

አምቦ እንደደረስን ወደ ምሠራበት ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። የሽንት ምርመራው እርግዝና አላሳየም፤ ግን ጊዜው ገና ስለሆነ ማመን አይቻልም ነበር። ቀለበቱን ሳታወጣ፣ ባሏም ኮንዶም እየተጠቀመ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድትመለስ ነገርኳት። እነዚያን ቀናት እኔም ስፈራ ሰነበትኩ።

በቀጠሯቸው ቀን አማቲቱ ቀድመው ገቡ። አሁንም እርግዝና የለም፤ ያን ቀን ያስመለሳት ጾሙ ኖሯል። እንዲህ ከሞት ጋር ተፋጦ ከመክረም መድኃኒቱን እንደታዘዘው መያዝ፣ ልጅን ማሳደግ፣ ባልንም ሳይሰጉ መቅረብ ይሻላል፤ ይህን ስላቸው እማማ አስያ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንግዲያው ክንድ ላይ የሚቀበረውን መከላከያ አድርጊላት። እሱን አውጪ ብላት እንኳ አትችልም" አሉ።

"ገላው የእሷ ነው፤ እሷ ትናገር።"

ሹኩሪያ ቀና አለች። "ቀለበቱ ተስማምቶኛል። እርስዎ ብቻ አውጪው አይበሉኝ።"

"አልልሽም፣ ልጄ" አሉ እማማ አስያ። "ኑሪልኝ።"