በሰንበሌጥ የተለካ ራም

ይህን ወሬ ለመስማት የከፈልኩት ከደብረ ታቦር እስከ መካነ ኢየሱስ ከተማ የሚያደርሰውን የሚኒባስ ታሪፍ ብቻ ነው። ከፊቴ አንድ የድጓ መምህርና አንድ የቢሮ ሠራተኛ ጎረምሳ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ለአሮጌ ኮምፒውተር ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ ገዝተው መመለሳቸው ነው።

«የኔታ፣ ኮምፒውተርዎ ይህን ራም መቀበሉን በምን አረጋገጡ?»

«በሰንበሌጥ።»

«በምን?»

«ለልጅ ጫማ ስንገዛ እግሩን በሰንበሌጥ ለክተን አይደል ገበያ የምንወጣው? የድሮውን ራም አውጥቼ ለካሁት።»

«ርዝመቱ ምን ያደርጋል? ዋናው መሃሉ ላይ ያለው ስንጥቅ ነው እኮ!»

«ስንጥቁ ያለበትንም በጥፍሬ ምልክት አድርጌበታለሁ። አንተስ ምን ለክተህ ገዛህ?»

«እኔ ምን እለካለሁ? አራት ጊጋ ስጡኝ አልኩ፤ ሰጡኝ።»

«እስቲ አምጣው።»

የኔታ ሰንበሌጡን ከጎረምሳው ራም ጎን አስተኙት።

«ልጄ፣ ይሄ የሰንበሌጡ ግማሽ ነው፤ እንዲህ አጭሩ የላፕቶፕ ነው። የቢሮህ ኮምፒውተር ላፕቶፕ ነው?»

«አይ፣ ጠረጴዛውን የሞላ ነው።»

«እንግዲያ ለአዋቂ እግር የሕፃን ጫማ ነው የሸጡልህ።»

«ኧረ ነገ ጠዋት ሪፖርት አለብኝ! ሹፌር፣ ወራጅ አለ!»

«ቆይ እንጂ፣ ሰንበሌጡን ይዘህ ሂድ!»

እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ከንፈሬን ነከስኩ።