ቋሚው ያለበት ቦታ

ከመካነ ሰላም ስንወጣ፣ በሚኒባሱ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት የገዙትን ብሎን አጠገባቸው ላለው አናጢ ያሳያሉ።

«እማማ፣ ይህች ምን ልትይዝልዎ ነው?»

«ከአልጋዬ አጠገብ እጀታ ላስመታ ነው፣ ልጄ።»

«ጋቢ ሊሰቅሉበት?»

«እኔኑ! ስነሳ የምይዘው ነው። የሚያነሳኝ ባለቤቴ ሐምሌ ላይ አረፈ።»

«ነፍስ ይማር። እንግዲያማ ይህች ቀጭን ናት፤ ወፈርና ረዘም ያለ ይፈልጋል። ግድግዳው ብሎኬት ነው?»

«የጭቃ ነው። ግድግዳው ውስጥ የሚገባውን ፕላስቲክ፣ ፊሸሩንም ሰጥተውኛል።»

«ፊሸር ጭቃ ላይ አይዝም፤ ጭቃው ይፈረፈርና እጀታው ይዞዎት ይወድቃል። ከጭቃው ሥር ያለው የእንጨት ቋሚ ላይ ነው የሚመታው። መጀመሪያ በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሳና ብሎኑ ይከተላል፤ አለዚያ ደረቅ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል።»

«ቋሚው የት የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነበር። ቤቱን የሠራው እሱ ነዋ።»

«አብሽሩ፤ ግድግዳውን በጣትዎ ያንኳኩ። ቋሚው ካለበት ድምፁ ይለያል።»

«ብቻዬን ግድግዳ ሳንኳኳ ጎረቤት አበደች ይለኛል!»

«ያን ጊዜ ሊያዩዎት ይመጣሉ።»

«ይምጡ እንጂ፤ በሩን አልዘጋም።»

መውረጃዬ ደርሶ ስነሳ፣ የፊቴን ወንበር መደገፊያ እንደያዝኩ ትንሽ ቆየሁ።