ጉሮሮ ላይ የቀረ ቃል

ብሩክቲዬ፣ ነይ እዚህ አጠገቤ! ለክርስትናው ብለሽ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ በዚያ ትራፊክ... ዳቦውን ቀመስሽው? ድምፄ በዛብሽ እንዴ? ሙዚቃው ነው እቴ። ከኋላችን ያለው ጠረጴዛም ቢሰማ ምን አለበት?

እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት ሴትዮ፣ ዕድሜ ለተማረ ሰው፣ ዘንድሮ የዴንማርክ ቋንቋ አወቅሁልሽ! ስሙን አልጠራም፤ ሲመሰገን ያፍራል። ኮፐንሃገን ተምሮ የመጣ ነው። የወንድሜን ልጅ ሩሃማን አራት ዓመት ሙሉ... ይወዳታል እንበል። ለፋሲካ ቤቴ መጥቶ እየበላ፣ «ሽማግሌ መቼ ትልክልናለህ?» ብለው ጉሮሮው እንቅ! ውሃ ሰጠሁት። ጠጣና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይህን ዴንማርኮች ስተድ ይሉታል።» ሽማግሌ ስጠይቅ ትምህርት! ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ቃሉ ግፊያ ማለት ነው አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲነዝርም ስተድ ነው። ሊቃውንቱ ደግሞ ቃል መሃል ጉሮሮ ጭምቅ ሲል በዚያው ስም ጠሩት። ያቺን ጭምቅታ የረሳ ሰው በነሱ ቋንቋ «ውሻ» እላለሁ ሲል «እሷ» ይላል፤ ያለቦታው የታነቀ ደግሞ «እሷ»ን ውሻ ያደርጋታል። ታዲያ ከእንዲህ ያለ አገር የመጣ ሰው «እሷን አገባለሁ» ለማለት ቢጠነቀቅ ይፈረድበታል?

መነሻውስ አትይኝም? ድሮ ዜማ ነበር ይላሉ። ጎረቤቶቻቸው ስዊድኖች ዛሬም ሲናገሩ ያዜማሉ፤ እነሱ ዘንድ ግን ቆይቶ ቆይቶ እንቅ እንቅ ሆነ። እውነቱን ነው! ያኔ ሩሃማን ሲተዋወቃትም ዜማ ነበር፤ ጠዋት ኮል፣ ማታ ኮል... ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሱ ቃል አፋፉ ላይ ሽርሽር ወጥቶ ቀረ። ዝምታ ወርቅ ከሆነማ፣ ከሱ የበለጠ ባለጠጋ የት ይገኛል?

በደቡብ ደሴቶቻቸው ግን ስተድ የለም አለ፤ ሰዉ እንዳፉ ይናገራል። የግሪንቤልቱ አውቶቡስ ነጂ፣ ሳህሉ፣ የነሱ ዘር ይሆን እንዴ? እሁድ ሽማግሌ ልኮ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ሳይጨርሱ ሩሃማ «እሺ» አለች። ጥርት ያለ «እሺ»! እልልታዬን ጌይተርስበርግ ያልሰማ የለም።

እ... ከኋላ ማነው ያሳለው? ውሃ አቀብዪው የኔ ቆንጆ፤ የሱ ትንታ እኮ ዕውቀት ነው።

አሁን ልመርቅለት፣ አሜን በይ። ጉሮሮውን እንደ ደሴቶቹ ሰዎች ያቅናለት! ለሠርጉ በር ላይ ቆሞ እንግዳ እንዲቀበልልን እሱን መርጫለሁ። «ሙሽራዋ የታለች?» ሲሉት በጣቱ እያሳየ «እሷ!» ብሎ፣ ሳይታነቅ ለመጨረስ ያብቃው!