አራተኛ ፎቅ፣ የምሥራቁ ግድግዳ

ጉለሌ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጡረተኛዋ የሕንጻ ነዳፊ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሳሎን ውስጥ፣ እሳቸው በወጣትነታቸው የነደፉትን ባለ አሥራ አምስት ፎቅ የቢሮ ሕንጻ ወደ መኖሪያ ቤት የሚቀይረው ኢንጂነር መክብብ የጥንቱን ፕላን ለመጠየቅ ለሦስተኛ ጊዜ መጥቷል።

ዘነበወርቅ፦ አልሰጥም አልኩህ! ጆሮህ ውስጥ ሲሚንቶ ነው የሞላብህ?

መክብብ፦ እትዬ ዘነቡ፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ፈቃድ ለማሳደስ ነው። ኮፒ አስደርጌ ነገ ጠዋት ራሴ አመጣልዎታለሁ።

ዘነበወርቅ፦ ባለፈው «ልየው ብቻ» ነበር ያልከኝ። ዛሬ ኮፒ ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ በፍሬም አድርገህ ሽያጭ ቢሮህ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነው።

መክብብ፦ ኧረ ፕላን እኮ ነው፤ ታቦት አይደለም!

ዘነበወርቅ፦ ታቦት ባይሆንም በእኔ ልፋት ነው የተረፈው። አብዮቱ መጥቶ ሕንጻው ሲወረስ፣ የእኛም ንድፍ ቢሮ ሲዘጋ፣ ያን ሁሉ ወረቀት ለሱቅ መጠቅለያ በኪሎ ሊሸጡት ነበር። በታክሲ ጭኜ አመጣሁት። ይኸው ሃምሳ ዓመት አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ዛሬ ምን ተገኘና ነው በሬን የምታንኳኳው?

መክብብ፦ ሕንጻው ዘጠኝ ዓመት ባዶውን ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለቆት፣ የርግብ መፈንጫ ሆኖ። ነፍስ የዘራንበት እኛ ነን። ደስ ሊልዎት ሲገባ…

ዘነበወርቅ፦ ነፍስ? ማስታወቂያችሁን አይቼዋለሁ። ባለ ሁለት መኝታ፣ ባለ ሦስት መኝታ። የትኛው መኝታ ነው መስኮት ያለው? ለቢሮ የተሠራ ፎቅ ሆዱ ሰፊ ነው፤ መሀል የተቀመጠ ሰው ፀሐይ አያገኝም። ለዚህ ነው መሀሉን ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት ክፍት የተውኩት። ጣሊያኑ አለቃዬ «ቢሮ ነው፤ አምፖል ይበቃቸዋል» ሲለኝ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ከዚያ ሁሉ ወንድ መሀል ብቻዬን ሴት ሆኜ፣ ሦስት ወር ተጨቃጭቄ አሸነፍኩት። የታይፒስቶቹ ዓይን እንዳይጠፋ ብዬ! እናንተ መጥታችሁ ደፈናችሁት።

መክብብ፦ በየፎቁ ሁለት ሁለት ክፍል ተገኘ እኮ! በዚህ ከተማ ስንቱ ነው በኪራይ ከሰፈር ሰፈር የሚንከራተተው? እርስዎ ስለ ብርሃን ያወሩልኛል።

ዘነበወርቅ፦ ቤት ያጣውን ሰው ምክንያት አታድርግብኝ! ቤት ያጣ ሰው ብርሃን አይወድም ያለህ ማነው? «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» አሉ። ጉድጓድ ደፍናችሁ ክፍል ትሠሩና «ዘመናዊ መኖሪያ» ትሉታላችሁ።

መክብብ፦ እሺ፣ ይስደቡኝ። ፕላኑንም ይተዉት። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝና ልሂድልዎት። አራተኛ ፎቅ፣ የምሥራቁ ግድግዳ… ውስጡ ያለው ፌሮ ብረት ባለ ስንት ሚሊ ነው? ድርብ ነው ነጠላ?

ዘነበወርቅ፦ ምን አልክ?

መክብብ፦ ፌሮውን። ለፈቃዱ እንዲሆን…

ዘነበወርቅ፦ ፈቃድ የሚያሳድስ ሰው የሚጠይቀው ስለ ሕንጻው በሙሉ ነው። አንተ አራተኛ ፎቅ አልክ፤ ምሥራቅ አልክ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።» ምን አደረጋችሁት?

መክብብ፦ ምንም።

ዘነበወርቅ፦ መክብብ!

መክብብ፦ በር ተከፈተበት።

ዘነበወርቅ፦ በር?

መክብብ፦ ለአዲሶቹ ክፍሎች መግቢያ። አራተኛው ላይ ብቻ። ማለቴ… አምስተኛውና ስድስተኛውም ላይ።

ዘነበወርቅ፦ ወይ አምላኬ! ያ ግድግዳ መጋረጃ መሰለህ? ሕንጻው ቀጥ ብሎ የቆመው ያንን ክፍት በከበቡት አራት የመሀል ግድግዳዎች ነው! ዳር ያሉት ምሰሶዎች ወለሉን ይሸከሙ ይሆናል፤ ነፋስንና የመሬት መንቀጥቀጥን የሚችለው ግን መሀሉ ነው። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ምን ስትማር ከረምክ?

መክብብ፦ ይህንኑ ተምሬያለሁ! «ፕላኑ ሳይታይ አንድ ጣት አይነካም» ብዬ በጽሑፍ ሰጥቻቸው ነበር። ባለንብረቱ ቅዳሜና እሁድ፣ እኔ በሌለሁበት ቆራጮች አስገባ። ሰኞ ስመጣ ግድግዳው ተቆርጦ ጠበቀኝ።

ዘነበወርቅ፦ እና ሰኞ ምን አደረግክ?

መክብብ፦ አጽድቄ ፈረምኩ።

ዘነበወርቅ፦ ፈረምክ።

መክብብ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ እትዬ! ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልሆነም። ባለፈው ሰሞን መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ነው…

ዘነበወርቅ፦ የተሰነጠቀው።

መክብብ፦ ጣት ያስገባል። ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌበት በየቀኑ አየዋለሁ። ትናንት ምልክቱን አልፎ ሄዷል።

ዘነበወርቅ፦ አባትህ ያንን ግድግዳ ሲያስሞላ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ጣሰው ካቦ! አርማታው ጫማው ውስጥ ገብቶ እግሩን እየበላው «መሀል ላይ ካቆምን መጋጠሚያው ይደክማል» ብሎ እስኪያልቅ አልወረደም።

መክብብ፦ ጠባሳውን ለእኔ አይንገሩኝ። አልጋ ላይ ሲውል ያንን እግር የማጥበው እኔ ነበርኩ።

ዘነበወርቅ፦ እግሩን አጥበህ ሥራውን ቆረጥከው። ለመሆኑ ሰው ገብቶበታል?

መክብብ፦ የላይኞቹ ቀድመው ስላለቁ… ከስምንተኛ በላይ ገብተዋል።

ዘነበወርቅ፦ ስንት?

መክብብ፦ አሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ።

ዘነበወርቅ፦ አሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ እዚያ ላይ ተቀምጦ፣ አንተ እዚህ ሶፋዬ ላይ ወረቀት ትለምናለህ!

መክብብ፦ ፌሮውን ካወቅሁ በብረት ልደግፈው እችላለሁ! በጸጥታ፣ ማንም ሳይደነግጥ። አሁን ውጡ ብል ባለንብረቱ ያባርረኛል። ፊርማው የእኔ ነው፤ የምታሰረውም እኔ ነኝ።

ዘነበወርቅ፦ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም።» ፕላኑን ብሰጥህ ስንጥቁን ለስነህ፣ ቀለም ቀብተህ፣ «ሴትዮዋም አይታዋለች» ልትል ነው።

መክብብ፦ በአባቴ አጥንት አላደርገውም!

ዘነበወርቅ፦ አንድ ጣት አይነካም ያልከውም አንተው ነበርክ። ስማኝ፤ ሰዎቹ ሳይወጡ ያ ፕላን አይገለጥም። ብታለቅስም፣ ፖሊስ ብታመጣም።

መክብብ፦ እትዬ፣ ልጆቼስ…

ዘነበወርቅ፦ እዚያ ያሉት ልጆች የማን ናቸው?

መክብብ፦ እሺ። እሺ! ልደውል። … ሄሎ፣ ጋሼ፣ መክብብ ነኝ። የለም፣ አላገኘሁትም። ይስሙኝ፣ ከስምንተኛ በላይ ያሉት ሰዎች አሁኑኑ ይውጡ። በሊፍት አይደለም፣ በደረጃ። … ስንጥቁ ጨምሯል። … የማን ፊርማ እንደሆነማ አውቃለሁ፣ ለዚህ እኮ ነው የምደውለው! … ያባርሩኛ! … ሄሎ? ሄሎ! ዘጋብኝ።

ዘነበወርቅ፦ እሱ ቢዘጋ እሳት አደጋ አይዘጋም። ደውል።

መክብብ፦ … ሄሎ? እሳት አደጋ ነው? ኢንጂነር መክብብ ጣሰው እባላለሁ። ለገሃር፣ ባለ አሥራ አምስት ፎቅ፣ ሰው ይኖርበታል። ተሸካሚው ግድግዳ ተቆርጧል። … አዎ፣ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። … እመጣለሁ፣ በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ።

ዘነበወርቅ፦ ምን አሉ?

መክብብ፦ መኪና ተነስቷል። ልሂድ፣ እትዬ። ፕላኑን ግን… አሁንም አይሰጡኝም?

ዘነበወርቅ፦ አልሰጥህም። ነጠላዬን አቀብለኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ አልወርድም ብሏል። ፕላኑን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ እኔን ያዝ።