የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ራስ

እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በተዘጋ የጸጉር ቅባት መሸጫ ደጃፍ፤ የነበሩት ሁለት ወንድማማቾች ብቻ ናቸው፦ ታላቅየው ቀለም ቀቢው አበጋዝ መሰላል ላይ ወጥቶ ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ባነር ገመድ በቢላዋ ይገዘግዛል፤ ታናሽየው የሱቁ ሻጭ ፈንታው ከታች መሰላሉን ይዟል።

ፈንታው፦ ውረድ አልኩህ ጋሼ! ሰው ሊመጣ ነው።

አበጋዝ፦ ይምጣ። እዚህ ላይ ተሰቅዬ ያላየኝ የኮምቦልቻ ሰው ማን አለ? ዛሬ ደግሞ በሥጋዬ ይየኝ።

ፈንታው፦ ባነሩ የባለሱቁ የአቶ ጌጤ ነው። የሰው ንብረት ነው።

አበጋዝ፦ ሸራው የጌጤ ነው። ራሱ የእኔ ነው። እስቲ በግራ በኩል ካለው መላጣ ሥር ምን ተጽፏል?

ፈንታው፦ «በፊት»።

አበጋዝ፦ ማን ነው እሱ?

ፈንታው፦ አንተ ነህ።

አበጋዝ፦ በቀኝ በኩል ካለው ጎፈሬ ሥርስ?

ፈንታው፦ «በኋላ»። እኔ ነኝ። እና ምን ይጠበስ?

አበጋዝ፦ አንድ እናት ወለደችን እንጂ አንድ ሰው አድርጋ አልወለደችንም። «በቡቃያ ቅባት ከዚህ ወደዚህ» ይላል። እኔ ወዴትም አልሄድኩም! እዚያው «በፊት» ላይ ነው ያለሁት።

ፈንታው፦ እንመሳሰላለን እኮ። አቶ ጌጤ አየንና «አፍንጫው ያው፣ አገጩ ያው፤ የሚለያችሁ ጸጉር ብቻ ነው» አለ። እኔ ምን ላድርግ?

አበጋዝ፦ «ያ ወንድሜ ነው» ማለት ያቅትሃል? ፎቶዬንስ ከየት አመጣው? ከእህታችን ልጅ ክርስትና ፎቶ ላይ አንተው ቆርጠህ አይደል የሰጠኸው? ከጎኔ የነበሩትን ቄስ እንኳ በወጉ አላወጣችኋቸውም፤ ያውና የጢማቸው ግማሽ ትከሻዬ ላይ ቀርቷል።

ፈንታው፦ ጥላ ነው እሱ።

አበጋዝ፦ ጥላ ይሸብታል?

ፈንታው፦ ኧረ ቀስ በል፣ መሰላሉ ይወዛወዛል! ሕዝቡ ጢም ሊቆጥር አይደለም የሚመጣው። የሚያየው ጸጉር ነው።

አበጋዝ፦ እኔን ግን ያየኛል። ሐሙስ ዕለት አንዲት ሴትዮ ገበያ መሐል አስቆመችኝና «እኔን ወንድሜን፣ ተመልሶ ረገፈብህ?» ብላ ከንፈሯን መጠጠችልኝ።

ፈንታው፦ ኪ ኪ ኪ! ምን አልካት ታዲያ?

አበጋዝ፦ እኔ ምን እላለሁ? ጌጤ ነው መልስ ያለው። «አያችሁት? ቅባቱን አቋርጦ ነው። እናንተም ካቋረጣችሁ እንደሱ ትሆናላችሁ» ይላቸዋል አሉ። የእኔ ራስ ያለ ደመወዝ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሸራው ላይ ሆኖ ይደልላል፣ መንገድ ላይ ሆኖ ያስፈራራል።

ፈንታው፦ አንተን የሚያናድድህ እሱ አይደለም። ቅናት ነው። መላጣ ማበጠሪያ ሲያይ ደሙ ይፈላል።

አበጋዝ፦ በምንህ ልቅና? በጎፈሬህ? ራስ ሳይጠና ጉተና አሉ። ከውጭ ጫካ፣ ከውስጥ ባዶ ጎተራ።

ፈንታው፦ ባዶም ቢሆን ክዳን አለው። የአንተ ላይ ዝናብ እንኳ አይቆይም፤ ተንሸራቶ ነው የሚወርደው። በል ውረድና ቁርስህን ብላ።

አበጋዝ፦ እኔማ ለራሴ ብዬ ቢሆን አልጋዬ ላይ ነበርኩ። የመጣሁት ከእህታችን ከእታገኝ ቤት ነው።

ፈንታው፦ እትዬ ደኅና ናት?

አበጋዝ፦ እሷ ደኅና ናት። ልጇ ናት ደኅና ያልሆነችው። የሐመልማልን ራስ አይተሃል?

ፈንታው፦ አይቼዋለሁ። ከጎን በኩል ትንሽ ሳሳ ብሏል። ቅባቱን እኔው ነኝ የወሰድኩላት፣ በነጻ። እየሠራ ነው።

አበጋዝ፦ ምን እየሠራ?

ፈንታው፦ ያቺ ቦታ ቀላ፣ አበጥ ትላለች። አቶ ጌጤ «ሥሩ እየተከፈተ ነው» ብሏል። መጀመሪያ ያረግፋል፣ ከዚያ ያበቅላል።

አበጋዝ፦ መጀመሪያ ማርገፍ የመድኃኒት ቤቱ መድኃኒት ጠባይ ነው፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚታዘዘው። ጌጤ ከመድኃኒት ቤት የሰረቀው ወሬውን ብቻ ነው። ልጅቷ መግል ይዛለች፣ ፈንታው! ሥር ሲከፈት መግል ይወጣዋል?

ፈንታው፦ መግል?

አበጋዝ፦ ጣቴን ሳስነካት እንደ በሰለ ኮክ ይሰረጉዳል። ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር፤ ሐኪሙ የራስ ጭርት ነው አለ። ጸጉሩ ሥር ድረስ የገባ። ቅባት ላዩን ነው የሚያልፈው፤ የሚዋጥ ክኒን ለሳምንታት ያስፈልጋታል አለ። ማበጠሪያዋንና ሻሿንም ለብቻ አድርጉ አለ።

ፈንታው፦ ታዲያ ትዋጣ! ማን ከለከላት?

አበጋዝ፦ አንተ።

ፈንታው፦ እኔ? እኔ መቼ?

አበጋዝ፦ እታገኝ ክኒኑን ሳጥን ላይ አስቀምጣ «ለልጅ ክኒን ይከብዳል፤ የፈንታውን ቅባት ልጨርስ» አለችኝ። ባነሩ ውሸት ነው ብላት «ይህንንማ አውቃለሁ፣ ሁለታችሁንም አዝዬ ነው ያሳደግኩት፤ ባነሩ ማስታወቂያ ነው፤ የፈንታው ጸጉር ግን እውነት ነው። በዚህ ቅባት ነው የያዝኩት ብሎኛል። ወንድሜ በልጄ አይቀልድም» አለች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይህ ነው። ማታ ማታ ቅባቱን ደፍታ በላዩ ፌስታል ታስርላታለች፤ እንዲያበስለው።

ፈንታው፦ ፌስታሉን እኔ አላልኳትም። አቶ ጌጤ ነው።

አበጋዝ፦ የእናንተ ነገር! ቅባቱን የሰጠኸው አንተ፣ ፌስታሉን ያዘዘው ጌጤ፣ የሚያብጠው የልጅቷ ራስ።

ፈንታው፦ ጋሼ፣ ባነሩን ብትቀድ ልጅቷ ትድናለች? ጌጤ ነገ ሌላ ያሠራል።

አበጋዝ፦ አውቃለሁ። ሰው ሲናደድ እጁ የደረሰበትን ነው የሚመታው። አንተን እንዳልመታ ረጅም ነህ።

ፈንታው፦ እስቲ ተው አሁን።

አበጋዝ፦ ቆይ። ቆይ ቆይ። እንዲያው ባለህበት ቁም።

ፈንታው፦ ምን ሆንክ?

አበጋዝ፦ አናትህ ላይ ምንድን ነው ያ?

ፈንታው፦ የት?

አበጋዝ፦ መሐል አናትህ ላይ። የሚያበራው። እኔን ይግደለኝ! ከጎን ጎን ሰብስበህ አልብሰኸዋል። ቁመትህ አስጥሎህ ነው እንጂ... ለካ ማንም ከላይ አይቶህ አያውቅም!

ፈንታው፦ ዝም በል! ሰው ይሰማል!

አበጋዝ፦ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው! የቡቃያ ሻጭ ራሱ ላይ በረሃ አበቀለ!

ፈንታው፦ ጋሼ፣ በእመብርሃን። መሰላሉን እለቀዋለሁ።

አበጋዝ፦ ልቀቀው። ስወድቅ ደግሞ ባነሩን ይዤ ነው የምወድቀው። መቼ ጀመረህ?

ፈንታው፦ ከፋሲካ ወዲህ። ሳበጥር እጄ ላይ ይቀራል። ትራስ ላይም ይቀራል።

አበጋዝ፦ ቡቃያውን እየተቀባህ?

ፈንታው፦ ጠዋትና ማታ። ሻጩ ካልተቀባው ማን ይቀባዋል?

አበጋዝ፦ ምን አለበት ለመሆኑ?

ፈንታው፦ ምሥጢር ነው።

አበጋዝ፦ ለእኔ?

ፈንታው፦ የጉሎ ዘይት ነው። የጉሎ ዘይትና ሽቶ። ሽቶውን የምጨምረው እኔ ነኝ።

አበጋዝ፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ጉሎውን ራስህ እየቀላቀልክ፣ ራስህ እየተቀባህ፣ ራስህ ታምናለህ?

ፈንታው፦ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አንተስ በጊዜህ ሽንኩርት አልተቀባህም? እማማ «ይህ ልጅ ወጥ ወጥ ይሸታል» እያለች ከቤት ስታስወጣህ ረሳኸው?

አበጋዝ፦ ሽንኩርትም ተቀብቻለሁ፣ ጥቁር አዝሙድም ተቀብቻለሁ። ንብ ሲከተለኝ ነው ማሩን የተውኩት። መጨረሻ ላይ ደሴ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ገና ኮፍያዬን ሳወልቅ «አባትህስ?» አለኝ። «ራሰ በራ ነው» አልኩት። «የእናትህ ወንድሞችስ?» አለኝ። እነሱም ናቸው። «እንግዲህ ከሁለት ወገን ወርሰሃል» ብሎ ሳቀ።

ፈንታው፦ ሌላ የምንወርሰው ጠፍቶ።

አበጋዝ፦ ለአንዱ ቀድሞ ይመጣል፣ ለአንዱ ዘግይቶ። አንተ ዘገየህ እንጂ አልቀረህም። ዘግይቶ ስለመጣ ነው ጌጤ ጸጉርህን በቅባቱ ስም የጻፈው።

ፈንታው፦ መድኃኒት የለውም ታዲያ?

አበጋዝ፦ አለው። በየቀኑ የሚቀባ አለ፣ ከመድኃኒት ቤት። ያለውን ያቆይልሃል፤ አንዳንዱን ይመልሳል። ወራት ይፈልጋል። ካቆምክ እንደገና ይሄዳል። የሚዋጥም አለ፤ እሱ ግን በሐኪም እንጂ በጓደኛ ምክር አይወሰድም።

ፈንታው፦ ቱርክ አገር ሄደው የሚመጡትስ?

አበጋዝ፦ ከማጅራት ነቅሎ ግንባር ላይ መትከል ነው። ችግኝ ተከላ በለው። ማጅራትህ ግን ጎተራ አይደለም፤ የነቀልከው እዚያ አይተካም። እኔ ሁሉንም ሰማሁና ምላጭ ገዛሁ።

ፈንታው፦ ተስፋ ቆርጠህ።

አበጋዝ፦ ማበጠሪያ ቆርጬ። በል ንገረኝ፣ ይህን ሁሉ ሳትጠይቅ ጉሎ ላይ የተንጠለጠልከው ለምንድን ነው?

ፈንታው፦ አንተ አበጋዝ ነህ፤ ቀለም ቀቢው። እኔ ማን ነኝ? ጎፈሬው። ትምህርቱን አቋረጠ ሲሉ «ጸጉሩን ግን እዩት»፤ ልብስ ስፌቱን ተወ ሲሉ «ጸጉሩን ግን እዩት»። ከዚህ ሌላ ሰው የሚያይልኝ ምን አለኝ? አሁን ሄጄ ለእትዬ ውሸት ነው ብላት እስከ ማታ ማኅበርተኛው ሁሉ ይሰማል። ነገ እዚህ በር ላይ ቆሜ የማን መሳቂያ ልሁን?

አበጋዝ፦ የእኔ። መጀመሪያ የምስቀው እኔ ነኝ፤ ተራዬን ጠብቄያለሁ።

ፈንታው፦ ለአንተ ሁሉ ነገር ቀልድ ነው።

አበጋዝ፦ አይደለም። የአንተና የእኔ ጸጉር ቀልድ ነው። ሄደ፣ መጣ፣ ማንም አልሞተም። የሐመልማል ግን ጊዜ አለው። ሐኪሙ ያለኝን ልንገርህ፤ ክኒኑን አሁን ከጀመረች ሥሩ ሳይሞት ሊተርፍ ይችላል። እንዲህ እንዳበጠ ከቆየ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ላይ ጸጉር አይበቅልም። አንተ ከፋሲካ ወዲህ ያፈርክበትን እሷ ዕድሜ ልኳን ልትሸከመው ነው፤ ያውም ሴት ልጅ።

ፈንታው፦ ክፉ ሰው ነህ፣ ጋሼ።

አበጋዝ፦ ትናንት ማታ ፌስታሉን ሳወልቅላት ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። «አጎቴ፣ እኔ በኋላ የምሆነው መቼ ነው?» አለችኝ።

ፈንታው፦ እንደዚያ አለች?

አበጋዝ፦ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚህ ነው የምታልፈው። ማንበብ የለመደችው ባንተ ባነር ነው።

ፈንታው፦ ...ጤና ጣቢያው እሑድ ሰው አለው?

አበጋዝ፦ ተረኛ አለ። ክኒኑም ቤት አለ። እምቢ ያለችው እህትህ ናት።

ፈንታው፦ እትዬ አታምነኝም። ተሳስቼ ነው ብላት «አበጋዝ አስገድዶህ ነው» ነው የምትለኝ። ጸጉሬን በዓይኗ እያየች ምን ብዬ ላሳምናት?

አበጋዝ፦ ምንም አትበላት። እህትህ አጭር ናት፤ ጎንበስ በልላት።

ባነሩ በአንድ ገመድ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወንድማማቾቹ መሰላሉን ተሸክመው ወደ እታገኝ ቤት ሄዱ፤ ሐመልማልም በዚያው ዕለት የመጀመሪያውን ክኒን ዋጠች።