እንግሊዝኛና የውሃ ፓምፕ

— ሄሎ!... አባባ! ትሰማኛለህ?... እኔም አሁን ልደውልልህ ነበር!... ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፤ ከደህናም በላይ ነኝ!

— ኧረ አላለቅስም፣ እየሳቅኩ ነው!... ተቀበሉኝ! አባባ፣ ተቀበሉኝ! ኢንተርንሺፕ አገኘሁ!

— ሄሎ?... ሄሎ? ቆይ፣ ሰርቪሱን እየነዳህ እንዳይሆን!... ቆመሃል? የፋብሪካው በር ላይ? ሠራተኞቹ እስኪወጡልህ?... እሺ፣ ሞተሩን አጥፋና በደንብ ስማኝ።

— የት? አትስቅ እሺ... የውሃ ፓምፕ የሚሸጥ ድርጅት።... ፓ-ም-ፕ! ውሃ መሳቢያ!... ሳቅክ አይደል? አውቄዋለሁ!... ታዲያ ምን ላድርግ? አስራ አንድ ቦታ ደጅ ጠናሁ። ባንኩ "ሒሳብ ካልተማርሽ" አለኝ፤ ሆቴሉ "ቆይተን እንደውላለን" እንዳለ እስከ ዛሬ እየቆየ ነው። ዛሬ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለዩኒቨርሲቲው ዲፓርትመንት ካላስገባሁ ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ ዓመቱን ልደግም እኮ ነበር!

— እንዴት አወቁኝ? እሱ ነው እኮ ጉዱ! በአንተ ነው ያወቁኝ።... አዎ፣ በአንተ! ከሁለት ሳምንት በፊት አስራ አንዱን የማመልከቻ ደብዳቤ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ፣ ፖስታዎቹ ላይ አድራሻ ጽፌ አልነበር? እኔ ሸሚዝ ስተኩስ አንተ "ላግዝሽ" ብለህ እያጠፍክ ከተትክልኝ፣ በምራቅህ አሸግክልኝ...

— "ሁሉም እንግሊዝኛ፣ ሁሉም አንድ" ያለው ማን ነበር?... ይኸውልህ! ለመጽሐፍ አሳታሚው የጻፍኩት ፓምፕ ድርጅቱ ጋ መጣ፤ የፓምፑ ደግሞ አሳታሚው ጋ ሄደ!... አሳታሚዎቹ ምን ብለው እንደመለሱልኝ ትዝ ይልሃል? "ለውሃ ያለሽን ፍቅር እናደንቃለን፣ ነገር ግን..." እኔ ሹፈት መስሎኝ ተናድጄ ምሳ አልበላሁም!

— አባባ?... አይ፣ አይ፣ አይ! ይቅርታ አትበለኝ! እንግሊዝኛ አለማንበብህ ምን ያሳፍራል? ደግሞ ገና መች ጨረስኩልህ!

— እዚህ ፓምፕ ድርጅቱ ያሉት ኢንጂነር ፖስታውን ሲከፍቱ ምን ያገኛሉ? "ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ማንም የማያነባቸውን መጻሕፍት ለአንባቢ ማድረስ ነው።"... አዎ፣ እንደዚያ ብያለሁ! ምን ያስቃል? ከልቤ ነው!... ዛሬ ጠዋት ደወሉና "ልጄ፣ ይህ ድርጅት ያለው መጽሐፍ አንድ ነው፤ እሱንም አንብቦት የሚያውቅ የለም። ነይና እዪው" አሉኝ።

— የፓምፑ ማኑዋል ነዋ! የአጠቃቀም መመሪያው። መቶ አርባ ገጽ፣ ድፍን እንግሊዝኛ። ገዢው ከካርቶኑ ያወጣና ለልጁ ደብተር መሸፈኛ ይሰጠዋል። ከዚያ ፓምፑን ውሃ ሳይሞላ በደረቁ ያስነሳል፣ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ተመልሶ መጥቶ ኢንጂነሩ ላይ ይጮህባቸዋል።

— አንዴ አባባ፣ እንዳትዘጋው... እትዬ፣ ማኅተሙ ተገኘ?... ኢንጂነሩ ኪስ ውስጥ? እሳቸውስ የት ሄዱ?... ሱሪ ሊቀይሩ? ውይ፣ በእኔ ጦስ!... አባባ፣ አለህ? ጸሐፊያቸው ናቸው። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ተፈርሟል፣ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው።

— ሱሪያቸውማ ረጥቦ ነው።... በእኔ ነዋ! ፈተኑኝ እኮ። "እስቲ አንዱን ገጽ ሰው በሚገባው ቋንቋ ጻፊልኝ" አሉኝ፤ ጻፍኩ። ከዚያ ዘበኛውን ጠሯቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ፓምፕ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። "ይቺን እያነበቡ ያስነሱት" ተባሉ።... ዘበኛው መነጽራቸውን አድርገው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ "መጀመሪያ... ውሃ... ሙላ" ይላሉ። ሞሉ። ክዳኑን አጠበቁ። ቁልፉን ተጫኑ... አባባ፣ ውሃው ፏ ብሎ ወጣ! ቱቦውን ደግሞ የያዘው ሰው የለም! ኢንጂነሩን ከወገብ በታች፣ እኔን ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ! ዘበኛው "አስነሳሁት! አስነሳሁት!" እያሉ ይዘላሉ፤ ኢንጂነሩ ውሃ እየተንጠባጠበባቸው "ተቀብለንሻል!" ይላሉ...

— "ቱቦውን አጥብቀህ ያዝ" የሚለውማ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው! እኔ የጻፍኩት አንደኛውን ብቻ!

— ሦስት ወር። መቶ አርባውንም ገጽ ተርጉሜ እጨርሰዋለሁ። ታትሞ ከየፓምፑ ጋር ይሰጣል፤ ሽፋኑ ላይም ስሜ ይወጣል... ከነአባት ስሜ።... አዎ አባባ፣ ያንተ ስም። መጽሐፍ ላይ።

— ሄሎ?... እያለቀስክ ነው እንዴ?... ጉንፋን? አሁን፣ በዚህች ደቂቃ የያዘህ ጉንፋን?

— ስማኝ። የፓምፑ ደብዳቤ በትክክል እዚህ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር። ኢንጂነሩ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ "ፓምፓችንን የሚያደንቅ ሃያ ማመልከቻ አለኝ፤ ስለ ማንበብ የጻፈችልኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ" አሉኝ። እና ይቅርታህን እዚያው ኪስህ ክተተው!

— መጡ! ኢንጂነሩ መጡ!... አዎ ጋሼ፣ እዚህ ጋ፣ ፊርማው ላይ... ጧ! ሰማህ አባባ? ማኅተሙ ነው! አረፈ!... እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! ሰኞ በጠዋት እገኛለሁ!

— አባባ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?... አስር ከሠላሳ አምስት? ወይኔ ጉዴ! ዲፓርትመንቱ እኮ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል! ከከተማው ማዶ ነው፤ የታክሲው ሰልፍ ደግሞ... ምን? አንተ በሰርቪሱ ታደርሰኛለህ?... ቅርብ መሆንህንማ አውቃለሁ፤ ሠራተኞቹስ?... ተሳፍረዋል? ከመቼ ጀምሮ?... ስፒከር ላይ አድርገኸኝ ነበር እንዴ? የቱን ሰሙ?... ሁሉንም? ውይ፣ አፈርኩ! እ... እንደምን ዋላችሁ!

— አባባ፣ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ቆመው የዋሉ ሰዎች ናቸው፤ ቤታቸው ይግቡ።... እኔን ለማድረስ እጅ አወጡ? ሁሉም?... "ደቂቃ" የምትሉትስ? ያ ትንሽ ባረፈድክ ቁጥር አለቃ ዘንድ የሚከስህ ሰውዬ?... እሱ ነው "ንዳው!" እያለ የሚጮኸው?

— እሺ... እሺ፣ የድርጅቱ አረንጓዴ አጥር ጋ፣ መንገዱ ዳር እቆማለሁ። ግን ቀስ ብለህ ንዳ፣ ስልኩንም አሁኑኑ ዝጋው!... ምን ልትነግረኝ ነው? ቶሎ በል... "የኔ ልጅ ናት" አልካቸው?... አባባ፣ እሱንማ ከድሮም ያውቁት የለ!... ግድ የለም፣ ደግመህ ንገራቸው። ጮክ ብለህ፣ እኔም ልስማው።

— ሰማሁህ አባቴ... ሰማሁህ። መጣሁ!