ስልክ ያላደረሳት ትንሿ አምስት

አዛውንቱ የውሃ መርማሪ የአንድ መንደር ጉድጓድ ውሃ ምርመራ ውጤት ሊያሳትሙና ሊልኩ ኮፒ ቤት ሲገቡ፣ የወንድማቸውን ልጅ፣ የኬሚስትሪ መምህሯን፣ የፈተና ወረቀት ልታባዛ መጥታ እዚያው አገኟት። ተሳሳሙና ወንበር ሳቡ። እሳቸው የታተመው ወረቀት ላይ አጎንብሰው ከአስር ቁጥር አናት ላይ ትንሽ አምስት በእስክሪብቶ ሲጽፉ አይታ ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ ዛሬም በእጅዎ?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ይሄ የኮምፒውተሩ ተራ መጻፊያ ቁጥር ከፍ ዝቅ ማድረግ አያውቅም። ደግሞም እጅ ሲጽፍ ዓይን ይመለከታል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል!»

እውነት ለመናገር፣ እኚህን ሰው በግዴለሽነት የሚከስ የለም። ችግሩ ጥንቃቄያቸው ሁሉ ወረቀቱ ላይ መቅረቱ ነው።

«ወረቀቱን ማን ያደርሰዋል?»

«መኪናችን ተበላሽቷል። ጽሑፉን ብቻ ለጉድጓድ ጠባቂው በስልክ እልክለታለሁ።»

«እስክሪብቶዎስ አብሮ ይሄዳል?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ!»

«እስቲ መጀመሪያ ለእኔ ይላኩልኝ።»

እየሳቁ ላኩላት። ስልኳን ወደ ዓይናቸው አስጠጋችው፤ «በሊትር 10 ጀርም» ይላል። መቶ ሺሁ አስር ሆኖ ቁጭ ብሏል። ሽማግሌው ክው አሉ።

«ጠባቂው ይሄን ካየ፣ ውሃው ደህና ነው ብሎ መንደሩን ያጠጣል» አሉ ቀስ ብለው።

«ጋሼ፣ ትንሿ አምስት የአስሩ ጌጥ አይደለችም። ‹ሁ› ከ‹ሀ› የተለየች ፊደል እንደሆነች ሁሉ፣ እሷም ኮምፒውተሩ ውስጥ ራሷን የቻለች ምልክት ናት። ከምልክቶች ሰንጠረዥ ያነሷትና ይለጥፏታል። ውጤትዎ ላይ ከክሎሪን ምልክት ግርጌ የምትቀመጠው ትንሿ ሁለትም እንዲሁ ናት።»

«የጠባቂው ስልክ ባያውቃትስ?»

«ጥሩ ጠየቁ። አጠገቧ በፊደል ‹መቶ ሺህ› ብለው ይጻፉ። ጥንቃቄዎን ልቀማዎት አይደለም፣ ቦታውን ላዛውረው ነው።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ሽማግሌው ሳያንገራግሩ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። «10⁵ (መቶ ሺህ)» ብለው ጻፉ፤ Cl₂ንም አስተካከሉ፤ ሁለቴ አንብበው ላኩ። ከዚህ ወዲያ ውጤታቸው መኪና አይጠብቅም፤ እሳቸው ያዩትን ቁጥር ሩቅ ያለውም ሰው እንዳለ ያያል። ደስ አላቸው።

ብዙም ሳይቆይ ስልካቸው ጮኸ። ጠባቂው ነበር።

«ጋሼ፣ መቶ ሺህ ነው ያሉኝ? ሰው እኮ ጀሪካኑን ይዞ ተሰልፏል! ልክፈትላቸው ብዬ ቁልፉን ይዤ ቆሜያለሁ!»

«እንዳትከፍት!» አሉ አዛውንቱ። «ሰዎቹን መልሳቸው!»